ለጎጃም ቅዳሜና እሁድ የትኛው ማደሪያ ይሻላል? ሃይብሪድ ካራቫን፣ የጣሪያ ድንኳን ወይስ የመሬት ድንኳን

ቅዳሜ ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ አድሮ፣ እሁድ ሳይመሽ ቤቱ ለመግባት የሚያስብ ቤተሰብ በእጁ ያለው ጊዜ ከ36 ሰዓት አይበልጥም። ከዚህ ላይ መንገዱና እንቅልፉ ሲቀነስ፣ ከልጆች ጋር እሳት ዳር ለመቀመጥ ወይም ሐይቅ ዞሮ ለማየት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የማደሪያ ዓይነት ሲመረጥ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝናቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ማደሪያው ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ ማደሪያው ቦታ ያለችውን የመጨረሻዋን አምስት ኪሎ ሜትር መሻገር መቻሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እሁድ ጠዋት ጤዛ ያረሰውን ሸራ አድርቆ ለመመለስ የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ፍራሹም፣ ማቀዝቀዣውም፣ መብራቱም ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ይህን የምጽፈው በጎጃም ልዩ ልዩ ቦታዎች ለዓመታት በመሬት ድንኳንና በመኪና ጣሪያ ድንኳን ካደርሁ በኋላ፣ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ባስመጣው አዲስ ሃይብሪድ ካራቫን ከሁለታችን ቤተሰብ ጋር ስድስት ጊዜ ወጥቼ ካየሁት ተነሥቼ ነው። ካራቫኑ ግቢያችን ከገባ ወዲህ የሚጠይቀን ሰው በዝቷል፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ «እኛም እንግዛ ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ግን እንደ ሰዉ፣ እንደ መኪናው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደሚሄድበት ቦታ ይለያያል።

ሃይብሪድ ካራቫን ምን ዓይነት ነው

በእኛ ዘንድ ተሳቢ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጭነት መኪና የሚጎትተውን ነው። የመኖሪያ ተሳቢ ወይም ካራቫን ግን ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንከርና ቁምሳጥን ያለው፣ በቤት መኪና ወይም በፒክአፕ የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት መካከለኛው አካሉ እንደ ማንኛውም ካራቫን ጠንካራ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ሲሆን፣ በአንዱ ወይም በሁለቱ ጫፍ ያለው ግድግዳ እንደ መደርደሪያ ወደ ውጭ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፤ አልጋውንም ዙሪያውን የድንኳን ሸራ ይሸፍነዋል። በዚህ ምክንያት ሲጎተት አጭርና ከሙሉ ካራቫን ቀለል ያለ ሆኖ፣ ሲቆም ግን አምስትና ስድስት ሰው ያስተኛል። ጥቅሙም ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ከሸራው ነው።

ከእሱ ጋር የምናወዳድራቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው የመሬት ድንኳን ነው። ሁለተኛው በፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ የሚሄድና በመሰላል የሚወጣበት የጣሪያ ድንኳን ነው። ሦስተኛው ምንም ሸራ የሌለው ሙሉ ካራቫን ሲሆን፣ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም፤ ረጅምና ከባድ በመሆኑ ከዋናው አስፋልት ወርዶ የትም ስለማይገባ፣ ለጎጃም የቅዳሜና እሁድ ጉዞ በእኔ ግምት አይመረጥም።

ስለ መጎተት

ብዙ ሰው ካራቫን ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ውስጡን ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ እንዲያይ የምመክረው ካራቫኑ ከመኪናው ኋላ የሚያያዝበትን ጋንቾ ነው። ዕቃ፣ ውሃና ጋዝ የተጫነ ሃይብሪድ ካራቫን እንደ መጠኑ ከ1,500 እስከ 2,200 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ከዚህ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው ጋንቾ ላይ ማረፍ አለበት፤ ለምሳሌ 1,800 ኪሎ የሚመዝን ካራቫን ጋንቾው ላይ ከ180 እስከ 270 ኪሎ ያሳርፋል ማለት ነው። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከዚህ ካነሰ፣ ማለትም ከባዱ ዕቃ ከኋላ ከተጫነ፣ ካራቫኑ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ይህም መኪናውን ጭምር ከመንገድ ሊያወጣ የሚችል አደጋ ነው። ከተጠቀሰው በላይ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ወርዶ ፊቱ ይቀልላል፣ መሪውም ይሸሻል። ስለዚህ ጀሪካኑም፣ ከሰሉም፣ የድንች ማዳበሪያውም ከካራቫኑ ጎማ በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የሀገራችን ከፍታ ይጨመርበታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች፣ በመግለጫው ላይ የተጻፈው ጉልበት እዚህ ሲደርስ ሩቡን ያህል ጎድሎ ነው የሚገኘው። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይቋቋማል። በቅርብ ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወዳጆቼ ደግሞ ይህን ሊያውቁት ይገባል፤ ካራቫን የሚጎትት የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ብዙዎቹ የቤት መኪኖችም ይህን ያህል ክብደት እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም። ለእነሱ የመሬት ድንኳን እስካሁን ያለው ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ይህን ሁሉ በቃል ከማውቀው በላይ ያስተማረኝ የዓባይ በረሃ ነው። ካራቫኑን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስናመጣ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ማለፍ ነበረብን፤ መንገዱም ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደገና ያንኑ ያህል የሚወጣ ነው። ግማሽ ያህል እንደወረድን የተቃጠለ ላስቲክ የመሰለ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ወንድሜ ዳር ይዞ አቆመና ወርደን ስናይ፣ የመኪናው የፊት ጎማዎች ቸርኬ እጅ የማያስጠጋ ሆኖ ሳለ የካራቫኑ ግን ቀዝቃዛ ነበር። የካራቫኑ የኤሌክትሪክ ፍሬን ከመኪናው ጋር ሲያያዝ መጠኑ እጅግ ዝቅ ተደርጎ ስለተስተካከለ፣ የሁለቱንም ክብደት የያዘው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን፣ ፍሬኑ በረደና፣ የካራቫኑን ፍሬን መጠን ከፍ አድርገን፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሜዳ ላይ የካራቫኑን ፍሬን ለብቻው ሞክረን፣ መያዙን ሳናረጋግጥ አንወርድም። ፍሬን የሌለው ካራቫን ግን፣ ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ በነጻ ቢሰጣችሁም እንዳትወስዱት እለምናችኋለሁ።

የጣሪያ ድንኳንም ቢሆን ክብደት አለው። አብዛኞቹ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ብዙ መኪና ደግሞ በጉዞ ላይ ሳለ ጣሪያው እንዲሸከም የሚፈቀድለት ከ100 ኪሎ አይበልጥም። በላዩ ላይ ስኮርት ጎማና ጀሪካን መጨመር አይገባም፤ ክብደት ከላይ ሲሆን መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይንጋደዳል።

እሁድ ጠዋት በዘንገና

ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ከዋናው መንገድ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ፣ በእኔ አስተያየት ለሃይብሪድ ካራቫን ከተሠሩት ቦታዎች አንዱ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ዙሪያው በደን የተከበበ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር የሚበልጥ ክብ ሐይቅ በመሆኑም ለማየት የሚደክም የለም። እዚያ ያደርነው በኅዳር ነበር። ማታ ሁሉም ነገር ባሰብነው መንገድ ሄደ፤ አልጋዎቹን ለመዘርጋትና እግሮቹን አስተካክሎ ለማቆም ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ ልጆቹ ከመኪና እንደወረዱ የራሳቸውን አልጋ አግኝተው ወጡበት፤ እናታችንም ወገባቸውን ሳይጎንቡ በራቸውን ከፍተው ገብተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ፣ ይህን ዕቃ ለምን እንደተገዛ ያኔ ገባኝ። በመሬት ድንኳን ሊያድሩ ቀርቶ ጎንበስ ብለው ሊገቡ የማይችሉ ሰው ናቸው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስነቃ ግን በእህቴ ልጅ አልጋ በላይ፣ በሸራው ስፌት ላይ፣ የጤዛ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተደርድረው ነበር። አንዷ ጠብታ ስትወፍር ትቆይና ስፌቱን ተከትላ ሄዳ ብርድ ልብሱ ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያ ሌላዋ ትከተላለች። ከውጭ የወረደው ጤዛና ከውስጥ የስድስት ሰው ትንፋሽ ተገናኝተው ሸራው በሁለቱም ገጽ ርሷል። ሐይቁ በጉድጓድ ውስጥ ስለሆነና ደኑ ስለሚጋርድ ፀሐይ እኛ ዘንድ የደረሰችው 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ሸራው በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የሆነው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሐይቁን ዞረን ለማየት ያሰብነው ጠዋት ሸራ ሲጠረግ አለፈ።

ይህ ችግር ሊቃለል እንጂ ሊወገድ አይችልም። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ ይሻግታል፤ የሻገተ ሸራ ሽታው አይለቅም፣ ክሩም ይበሰብሳል። እኛ አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ካራቫኑን ስናቆም አንደኛው የሸራ ጫፍ ወደ ምሥራቅ እንዲዞር እናደርጋለን፤ በዛፍ ሥር አናቆምም፤ ማታ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ከመዝጋት ይልቅ በሁለቱም ወገን ከላይ ያለውን ትንሽ መተንፈሻ ክፍት እንተዋለን፤ ጠዋትም በአሮጌ ጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ከውስጥ፣ ቀጥሎ ከውጭ እንጠርጋለን። ጊዜ ካጠረን እርጥቡን አጥፈን እንሄድና ቤት እንደደረስን፣ ማታም ቢሆን፣ ግቢ ውስጥ እንደገና እንዘረጋዋለን። ለዚህ ደግሞ ካራቫኑ በሙሉ ርዝመቱ ተዘርግቶ ሊቆምበት የሚችል ግቢና ሰፊ በር ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ብቻውን ነገሩን ይቆርጠዋል።

የመሬት ድንኳንም በዚያው ጤዛ ይርሳል፤ ነገር ግን ነቅሎ መኪና ላይ መጣልና ቤት ሲደርሱ በልብስ ገመድ ላይ መስቀል ይቻላል። የጣሪያ ድንኳን በመካከል ነው፤ እርጥብ ቢታጠፍም ቤት ሲደርስ መኪናው ባለበት ቆሞ ተከፍቶ ይደርቃል።

ለጮቄ የሚስማማው ሌላ ነው

ከዘንገና በተቃራኒ ጮቄ ለካራቫን የሚሆን ቦታ አይደለም። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ይህ ተራራ የብዙ ገባር ወንዞች መነሻ ነው፤ ወደ ላይ የሚወስዱት መንገዶችም ጠባብ፣ ዳገታማና ዝናብ ሲነካቸው የሚያንሸራትቱ ናቸው። መዞሪያ በሌለው ጠባብ መንገድ ላይ ካራቫን ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንድ ጊዜ የሞከረ ሁለተኛ አይሞክርም።

የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳርና በጮቄ ራስ መካከል ያለው ልዩነት 14 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት በጓሳውና በጅብራው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነፋሱም አያርፍም። ከፍ ብሎ የተተከለ የጣሪያ ድንኳን በዚያ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲርገበገብ ያድራል፤ የሃይብሪድ ካራቫን የሸራ ጫፎችም ከታችም ከላይም አየር ስለሚያገኛቸው አልጋው ከታች ይቀዘቅዛል። ለዚህ ቦታ ዝቅ ብሎ የሚተከል፣ ጠንካራ ገመድና ካስማ ያለው የመሬት ድንኳን ከሁሉም ይሻላል። ብርድ ከላይ ይልቅ ከመሬት ስለሚመጣ፣ ከፍራሹ በታች የሚነጠፍ ነገር ከብርድ ልብሱ ይቀድማል። እኔ ለዚህ ከውጭ ከመጣ ማንኛውም ምንጣፍ ይልቅ የምመርጠው ሁለት አጎዛ ነው፤ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ሲነጠፍ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይይዛል።

ለምግብ ማብሰያ የሚወሰደው ጋዝም ሊታሰብበት ይገባል። በትንንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ላይ መትነኑን ስለሚያቆም፣ ውርጭ በወረደበት ጠዋት ክብሪት ቢጫርም እሳቱ አይነሣም። ፕሮፔን ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ቅዝቃዜ ይችላል። በተጨማሪም በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ሽሮው ወጥቶ ሲፈላ ቢታይም ምስርና ባቄላ እንደ ቤት ቶሎ አይበስሉም። ለጮቄ በሶና ቆሎ ይዞ መሄድ፣ ከጋዝም ከጊዜም ያድናል።

ከዚሁ ጋር አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። ብርዱ ቢጠና እንኳ የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳን፣ ወደ ጣሪያ ድንኳን ወይም ወደ ካራቫን ውስጥ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም። ከሰል ጭሱ ካለቀና ፍሙ ቀይ ከሆነ በኋላም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ሸራ ስለሆነ አየር ይገባል ብሎ መተማመን ስህተት ነው፤ ጤዛ ያረሰው ሸራ አየር አያሳልፍም። እሳቱ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የፈላ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሁን።

በጣና ዳርና በዓባይ አጠገብ

በባሕር ዳር አካባቢ፣ በዘጌ መንገድና በጣና ዳር ብርድ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሐይቁ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ ክረምቱ እንዳለፈ በመስከረምና በጥቅምት የወባ ትንኝ አለ። በዚህ ረገድ ሃይብሪድ ካራቫን ብልጫ አለው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ጥሩ መረብ ስላላቸው ቤተሰቡ ሳይታፈን ነፋስ እየገባለት ያድራል። ነገር ግን የሸራው ዚፕና አልጋው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጥግ በደንብ መዘጋቱ በየማታው በእጅ መዳሰስ አለበት፤ እኛ የመጀመሪያ ሌሊት የትንኝ ድምፅ የሰማነው ሁለት ጣት በማይሞላ ክፍተት ነው። የመሬት ድንኳንም መረብ ያለው ከሆነ እኩል ይጠብቃል፤ አጎበር ይዞ መሄድም ምንም አይከብድም።

ሌላው ጉማሬ ነው። በጣና ዳርና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያሉ ጉማሬዎች ቀን ውሃ ውስጥ ይውሉና ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ ምድር ይወጣሉ፤ የሚሄዱበት መንገድም የታወቀ ነው። የመሬት ድንኳን በውሃው ጠርዝ ላይ፣ ሣሩ ተጋጦ እንደ ምንጣፍ በሆነበት ቦታ መትከል ከባድ አደጋ ነው። በካራቫንም ቢሆን ከውሃው ራቅ ብሎ ማቆም፣ ሌሊት ልጆች ብቻቸውን እንዳይወርዱ ማድረግ ይገባል። በጣና ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መዋኘትም ሆነ ልጆችን ማጠብ የቢልሃርዚያ ሥጋት ስላለበት እንዲቀር እመክራለሁ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት ጉዞ ምቹ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ግን ክረምቱ ባለቀበት በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በዚያ ወቅት መሬቱ ገና እርጥብ ስለሆነ ካራቫን ከመንገድ ወርዶ ሣር ላይ ከቆመ ሊሰምጥ ይችላል።

ስለ አፈርና ስለ ባለቤቱ

ከባድ ተሳቢ ይዞ በጎጃም የሚዞር ሰው አፈር ማወቅ ይኖርበታል። በምሥራቅ ጎጃም በደጀንና በቢቸና በኩል የሚበዛው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ሲመታው ግን ጎማ ይውጣል። ያለ ዝናብ የገባ ካራቫን ሌሊት በዘነበ ዝናብ ሁለት ቀን ሊታሰር ይችላል። ወደ አዊ በኩል ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ያንሸራትታል እንጂ እንደዚያ አይውጥም።

መሬቱ ባዶ መስሎ ቢታይም ባለቤት አለው። አንድ ጊዜ ከማርቆስ ብዙም ሳንርቅ አጨዳው ባለቀበት ማሳ ዳር፣ ለጥ ያለና የጸዳ ክብ ቦታ አግኝተን ካራቫኑን ልናቆም ስንል አንድ ሽማግሌ ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። «ልጄ፣ ይኸ እኮ አውድማ ነው፤ ነገ ጤፍ እንወቃበታለን» አሉኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ አላወቅንም፤ የት ብናቆም ይሻላል?» ስላቸው፣ ራሳቸው እየመሩ ከብቶች የማያልፉበት፣ ከነፋስ የተጋረደ የባሕር ዛፍ ጥግ አሳዩን፤ ማታም ልጃቸውን በገንቦ ጠላ አስይዘው ላኩልን። የመሬት ድንኳን የያዘ ሰው በስህተት ቢተክል ነቅሎ ይሄዳል፤ ካራቫን ግን ከቆመና ከተዘረጋ በኋላ ማንሣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሳይመሽ ደርሶ መጠየቅ የበለጠ የሚያስፈልገው ለካራቫን ነው። ለቀበሌውም ማሳወቅ ይገባል። እንደ ግሽ ዓባይ ያለ ቅዱስ ቦታ ሲሆን ደግሞ፣ ሰው ለጸበል የሚመጣበት ስፍራ ስለሆነ፣ ከምንጩና ከቤተ ክርስቲያኑ ርቆ ማደር፣ ካህናቱን አስቀድሞ ማነጋገር የግድ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ካለፈበት ሰው መጠየቅና፣ ጥርጣሬ ካለ ጉዞውን ማስቀረት ያስፈልጋል። የያዝነው ማደሪያ ምንም ቢሆን ይህ አይለወጥም።

ውሃና መብራት

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለአንድ ሌሊት ሁሉም ይበቃል። ለአምስት ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው። ካራቫኑ 100 ሊትር ያህል የሚይዝ ታንከር ካለው ከቤት ሞልቶ መነሣት 100 ኪሎ በከንቱ መጎተት ስለሆነ፣ መድረሻው አጠገብ ካለ ከተማ መሙላት ይሻላል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ተራ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ እሱም ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን ይበቃል። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከሆነ ካራቫኑ በትክክል ካልተደላደለ እንደማያቀዘቅዝ ማወቅ ይጠቅማል፤ ውሃ ልኩን ሳያዩ ማቀዝቀዣውን ለመለኮስ አይቸኮልም።

ለማን የትኛው

በዕድሜ የገፉ ወላጆች ወይም ሕፃናት ያሉት፣ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ጉልበት ያለው የናፍጣ መኪና የያዘና የሚሄድባቸው ቦታዎች ከባሕር ዳር በእንጅባራ በኩል እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው አስፋልት ግራና ቀኝ የሆኑ ቤተሰብ ሃይብሪድ ካራቫን ይስማማዋል፤ በተለይ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰብ አብሮ ከገዛው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ያለ ሥራ የሚቆመውን ዕቃ ወጪ መከፋፈል ይቻላል። ሁለት ሰው ሆነው በየሳምንቱ ቦታ የሚቀያይሩ፣ መኪናቸው ጠንካራና ከፍ ያለ የሆነ ወጣቶች የጣሪያ ድንኳን ቢይዙ አምስት አሥር ደቂቃ ውስጥ ከፍተው ይተኛሉ፤ ሌሊት ለሽንት መሰላል መውረድ የማያስቸግራቸው ከሆነ። ጮቄን፣ ሰከላን፣ በሞጣ በኩል እስከ ሰባራ ድልድይ ያለውን ሸለቆ በእግራቸው ለማየት የሚመኙ ግን ገንዘባቸውን በጥሩ የመሬት ድንኳንና በጥሩ ማንጠፊያ ላይ ያውሉ። ቤተሰቡ ብዙ ሆኖ ካራቫኑ የማይደረስበት ከሆነ፣ በብየዳ ቤት ቀላል ዕቃ ጫኝ ተሳቢ አሠርቶ፣ ሁለት ትልልቅ የመሬት ድንኳን፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ ጭኖ መጎተትም አለ፤ ምቾቱ ያነሰ ቢሆንም ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ጎማው በየከተማው ይገኛል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ አሉ። የካራቫኑ ጎማና ቡሎን ከሚጎትተው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ስኮርት ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። ኩሽኔታው በሀገር ውስጥ የሚገኝ ቁጥር መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሸራው ቢቀደድ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች በሚገባ ይሰፉታል፤ አልጋውን የሚሸከመው የአሉሚኒየም ዘንግና የማጠፊያው ብሎን ግን እዚህ ስለማይገኝ ትርፉን አብሮ ማስመጣት ይሻላል። በመጨረሻም ሻጩ እያሳየ ሳይሆን ገዢው ራሱ፣ ብቻውን፣ አልጋዎቹን ሁለት ጊዜ ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ያጥፍ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሸራው በባልዲ ውሃ ከተረጨ በኋላ ያድርገው።